የጠንካራውን ጨዋታ እያየሁ ለምን አልጠነከርኩም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፣ የቼዝ ዓምድ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ሲሆን ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ቼዝ የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከዶርም ጓደኞቼ ነበር። ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል ማታ ማታ የታላላቆቹን የቼዝ ተጫዋቾች የማግነስ ካርልሰንንና የሂካሩ ናካሙራን የኢንተርኔት ጨዋታዎች ስከታተል ቆይቻለሁ። በቪዲዮ የተመለከትኳቸውና ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ያገላበጥኳቸው ከአንድ ሺህ አያንሱም። እያየሁ ሳለ ሁሉም ነገር ይገባኛል፤ ራሴ ስጫወት ግን ያየሁት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኛል። የተጫዋችነት ደረጃዬን የሚለካው ነጥቤም ከ1400 ፈቀቅ አላለም። የጠንካራ ሰው ጨዋታ ማየት ጥቅም የለውም ማለት ነው? ወይስ የማይበት መንገድ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢ፣ አንድ ሺህ ጨዋታ ያየ ሰው ትጋት ጎድሎታል ሊባል አይችልም። ችግሩ ያለው «እያየሁ ሳለ ሁሉም ነገር ይገባኛል» ባሉት ላይ ነው። ካርልሰን ፈረሱን አንስቶ ጥሩ ቤት ላይ ካስቀመጠው በኋላ፣ ፈረሱ እዚያ መቀመጥ እንደነበረበት ለማንም ይታያል። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ከሚፈቀዱት ሠላሳና አርባ እርምጃዎች መካከል ያንን አንዱን መምረጥ፣ እርስዎ ከማየትዎ በፊት ተጠናቅቋል። ስለዚህ አንድ ሺህ ጨዋታ ሲያዩ የተለማመዱት መስማማትን ነው፤ መምረጥን ግን አልተለማመዱም። የራስዎን ጨዋታ ሲጀምሩ ደግሞ የሚስማሙለት ሰው የለም፤ የሚጠበቅብዎት መምረጥ ብቻ ነው።

ጠንካራ ተጫዋች በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ጥሩውን እርምጃ የሚያገኝበት ምክንያት በጥናት የታወቀ ነው፤ መፍትሔውንም ስለሚጠቁም በአጭሩ ልግለጸው። አድሪያን ደ ግሮት የተባለ ኔዘርላንዳዊ የሥነ ልቦና ምሁርና የቼዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ባቀረበው ጥናት፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ከሌሎቹ የሚለዩት ይህን ያህል አርቀው በማስላታቸው እንዳልሆነ አሳየ፤ ልዩነቱ ገና ሰሌዳውን ሲያዩ ዐይናቸው ተገቢዎቹ እርምጃዎች ላይ ማረፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለ5 ሴኮንድ ብቻ አሳይተው ተጫዋቾቹ በትዝታ መልሰው እንዲደረድሩት ጠየቁ። ጠንካራው ተጫዋች አብዛኞቹን ጠጠሮች በየቦታቸው ሲመልስ ጀማሪው ጥቂቶቹን ብቻ መለሰ። ጠጠሮቹ ያለ ምንም ሥርዓት ተበትነው በቀረቡ ጊዜ ግን የጠንካራው ብልጫ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከዚህ የምንረዳው ጠንካራ ተጫዋች ያከማቸው ነገር ትርጉም ያላቸውን አሰላለፎች መሆኑን ነው፤ አንድ አሰላለፍ ሲያይ ከዚህ በፊት የታገለባቸው መሰል አሰላለፎች ከነምክንያታቸው ይመጡለታል። እርስዎም ማከማቸት ያለብዎት ይህንኑ ነው፤ አንድ አሰላለፍ ደግሞ ራስዎ ካልታገሉበት በአእምሮዎ አይቀመጥም።

እንግዲህ አሠራሩን እነሆ። አንድ ጨዋታ ይምረጡ። ስልክዎን ወደ ጎን አድርገው እውነተኛ ሰሌዳና ጠጠር ፊትዎ ያስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስምንት እርምጃዎች እንዳሉ ይደርድሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን የጠንካራው ተጫዋች ተራ በደረሰ ቁጥር ቀጣዩን እርምጃ በወረቀት ይሸፍኑት። ሁለት ሦስት ደቂቃ አስበው የራስዎን እርምጃ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ ከጎኑም ምክንያቱን በአንድ መስመር ያስፍሩ። ወረቀቱን የሚያነሡት ይህን ካደረጉ በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱ እርምጃዎች ከተስማሙ ይለፉት፤ ከተለያዩ ግን ይቁሙ። ያን ጊዜ «የእሱ ለምን ይሻላል?» ከማለት ይልቅ «እሱ አይቶት እኔ ጨርሶ ያልተመለከትኩት ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ አኳኋን አንድ ጨዋታ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስድብዎታል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ ይበቃል።

እንዲህ አስቀድሞ እየመረጡ ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለዘመናት ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረዥ የተባለው የአገራችን ባህላዊ ቼዝ ሲካሄድ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ዝም ብለው አይመለከቱም ነበር፤ ጠጠሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ይከራከሩም እንደነበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ያ ተመልካች ተጫዋቹ እጁን ከማንሣቱ በፊት የራሱን ምርጫ ተናግሮ ስለነበር፣ ትክክል ይሁን ስሕተት ወዲያው ይታወቅበታል። ስልክ ላይ ጣታችንን እያንሸራተትን ስናይ ያጣነው ይህንን ነው።

ደብተሩ የሚሰጠውን ጥቅም ከራሴ ልመስክር። ሃያ ያህል ጨዋታዎችን በዚህ መንገድ ከሠራሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ልዩነቶቹን ሳነብ፣ በጣም የበዙት የአንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው፤ እኔ ጥቃት በምፈልግበት ጊዜ ሁሉ ጠንካራው ተጫዋች ተቃዋሚው ሊያደርገው ያሰበውን አስቀድሞ ይከለክል ነበር። ለዓመታት የተጫወትኩት የራሴን ሐሳብ ብቻ እያየሁ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የእርስዎ ደብተር የሚያወጣው ጉድለት ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማውጣቱ አይቀርም።

አሁን አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ፤ እንደ «ኢ4» ያለው ስም የሰሌዳውን አንድ ቤት ያመለክታል፤ ፊደሉ ቋሚውን ዓምድ፣ ቁጥሩ አግድሙን ረድፍ ይነግራል። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ይገፋል፤ ጥቁር በኢ5 ይመልሳል። የነጭ ፈረስ ወደ ኤፍ3፣ የጥቁር ፈረስ ወደ ሲ6 ይወጣሉ። ነጭ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ያስቀምጣል፤ ጥቁር ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ያወጣል። ነጭ በዚህ ጊዜ ፈረሱን ወደ ጂ5 ያስገባና ቢሾፑና ፈረሱ ተባብረው ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር ያጠቃሉ። ጥቁር የቢሾፑን መንገድ ለመዝጋት ወታደሩን ወደ ዲ5 ይገፋል፤ ነጭም በኢ4 ወታደሩ ይበላዋል። ተራው የጥቁር ነው። ወረቀትዎን እዚህ ላይ ያድርጉ።

የአብዛኞቻችን እጅ በኤፍ6 ፈረስ ዲ5 ላይ ያለውን ወታደር ወደ መብላት ይሄዳል፤ ወታደር በወታደር ተካካሰ ብለን እናስባለንና። ያን ጊዜ ግን ነጭ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ መሥዋዕት ያደርጋል፤ ንጉሡ ሲበላው ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ወጥታ ቼክ ትላለች፤ በዚያው እርምጃ ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስ ስለምታጠቃ ጥቁር ፈረሱን ለማዳን ንጉሡን ወደ ኢ6፣ ማለትም ወደ ሰሌዳው መሀል ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ይህን አሰላለፍ በጥቁር በኩል መከላከል በተግባር እጅግ ከባድ ነው። ጠንካሮቹ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ሌላውን ፈረስ ከሲ6 ወደ ኤ5 መውሰድን ነው። «ፈረስ ወደ ዳር አይወጣም» ተብሎ ለተማረ ሰው ይህ እርምጃ ስሕተት ይመስለዋል። እስቲ አብረን እንመርምረው። ፈረሱ በወታደር ተጠቅቶ ስለነበር መነሣት ነበረበት፤ ሲነሣ ደግሞ ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ያጠቃል። ነጭ ቢሾፑን ወደ ቢ5 ወስዶ ቼክ ሲል ጥቁር ወታደሩን ወደ ሲ6 ይገፋል፤ ነጭ ይበላል፤ ጥቁር በቢ7 ወታደሩ መልሶ ይበላና ቢሾፑ ዳግመኛ ይጠቃል። ቢሾፑ ሲሸሽ ጥቁር የኤች ወታደሩን አንድ ቤት ገፍቶ የጂ5ን ፈረስ ያባርራል። ጥቁር አንድ ወታደር ጎድሎታል፤ በምትኩ የነጭ ጠጠሮች ወዲያ ወዲህ ሲሸሹ የእሱ ጠጠሮች እየወጡ ነው። ሰባት ስምንት እርምጃ ብቻ በያዘች በዚህች ቁራጭ ውስጥ «ጊዜ ከወታደር ሊበልጥ ይችላል» የሚለው ሐሳብ በሙሉ አለ። ኤ5ን ቀድሞ አይቶ «እሺ፣ ገባኝ» ያለ ሰው ግን ይህን አያገኘውም፤ በዲ5 መብላትን ጽፎ ከዚያ ለምን እንደማይሆን የፈለገ ሰው ያገኘዋል።

የኢንተርኔት ጨዋታ በመጻሕፍት ከታተሙት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ሴኮንድ እንደወሰደ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። በ3 ደቂቃ ጨዋታ አንድ ተጫዋች 180 ሴኮንድ አለው፤ ጨዋታው 40 እርምጃ ቢሄድ ለአንዱ የሚደርሰው አራት ሴኮንድ ተኩል ብቻ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ተጫዋች በአንድ እርምጃ ላይ 20 ወይም 25 ሴኮንድ ከቆየ፣ የጨዋታው መታጠፊያ እዚያ መሆኑን ራሱ ነገረዎት ማለት ነው። ጊዜ ሲያጥርዎት ሙሉውን ጨዋታ ትተው ሦስቱን ረጃጅም ቆይታዎች ብቻ ይሥሩ። በተቃራኒው፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ሴኮንዶች የተደረጉትን እርምጃዎች ይለፏቸው። በኢንተርኔት ተቃዋሚ ሳይጫወት አስቀድሞ እርምጃን ማስገባት ስለሚቻል፣ በዚያ ሰዓት የሚወዳደረው የእጅ ፍጥነት ነው። በሰዓት ማለቅ የተጠናቀቀ ጨዋታ ውጤቱም ስለ አሰላለፉ ምንም አይነግርዎትም።

የጨዋታዎቹን ምርጫ በተመለከተ ባይከፉብኝ እርስዎ የመረጡት ከባዱን ነው። ካርልሰንና ናካሙራ እርስ በርሳቸው በ3 ደቂቃ ሲጫወቱ ብዙው ትግል ከሰሌዳው በታች ተደብቆ ያልፋል፤ አንዱ የሚያስፈራራውን ሌላው አስቀድሞ ስለሚያከሽፈው ማስፈራሪያው ለእኛ አይታይም። ለ1400 ተጫዋች የበለጠ የሚጠቅመው ጠንካራ ተጫዋች በ10 ደቂቃ ጨዋታ ከእኛ ደረጃ ሰዎች ጋር ሲገጥም ማየት ነው፤ እኛ የምንሠራው ስሕተት እንዴት እንደሚቀጣ የሚታየው እዚያ ነውና። በዚህ ረገድ አሜሪካዊው ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ ያለው ተጫዋች) ዳንኤል ናሮዲትስኪ የተወው ቅርስ ታላቅ ነው። ከዝቅተኛ ነጥብ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወጣ፣ የሚያስበውን ሁሉ እየተናገረ ይጫወት ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅም ተመልሶ ለምን ይህን እንደመረጠና ለምን ያኛውን እንደተወ በትዕግሥት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ገና በ29 ዓመቱ ማረፉ የቼዝ ተማሪዎችን ሁሉ ያሳዘነ ነገር ነው፤ ቪዲዮዎቹ ግን ዛሬም ያስተምራሉ። ሲያዩዋቸው እርምጃውን ከማድረጉ በፊት ቪዲዮውን ማቆምዎን አይርሱ።

በመጨረሻም ጸጥ ያሉትን እርምጃዎች ልብ ይበሉ። ነጭ በንግሥቲቱ በኩል ካስሊንግ (ንጉሡን ከመሀል አውጥቶ የሚያስጠልል ልዩ እርምጃ) ካደረገ በኋላ ንጉሡን ከሲ1 ወደ ቢ1 አንድ ቤት ሲያንቀሳቅሰው ደጋግመው ሳያዩት አልቀሩም። ምንም የማይሠራ ይመስላል። ይህች እርምጃ ግን ኤ2 ላይ ያለውን ወታደር ትጠብቃለች፤ ንጉሡንም ከሲ1 እስከ ኤች6 ከተዘረጋው ሰያፍ መስመር ላይ ታወርደዋለች፤ ስለዚህ ኋላ ጥቃቱ ሲጋጋል ያልታሰበ ቼክ አይመጣበትም። ደብተርዎ ላይ እንዲህ ላሉት እርምጃዎች የተለየ ገጽ ይክፈቱላቸው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ቼዝ በጣም ይወዳል። ሰሞኑን ግን ወታደሩን ከገፋ በኋላ በሁለተኛው እርምጃ ንጉሡን ወደ ኢ2 ያወጣል። «ተው» ስለው «ካርልሰንም እንዲህ ተጫውቷል» ብሎ ቪዲዮውን ያሳየኛል። እውነት ነው? ምን ልበለው?

መልስ፦ የተከበሩ አባት፣ ልጅዎ የተናገረው እውነት ነው፤ ስለዚህ እንደ ውሸታም አይቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በኢንተርኔት በተካሄደ ውድድር ካርልሰንና ናካሙራ ሲገናኙ ካርልሰን ንጉሡን ወደ ኢ2 አወጣ፤ ናካሙራም በኢ7 መለሰለት፤ ንጉሦቻቸውን እያመላለሱ በስድስት እርምጃ አቻ ወጡ። ቪዲዮው ያልነገረው ግን አለ፤ ሁለቱም ወደ ቀጣዩ ዙር ማለፋቸውን አስቀድመው አረጋግጠው ነበር፤ ጨዋታው የሚለውጠው ነገር አልነበረም።

ያው ካርልሰን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ዱባይ ላይ ለዓለም ሻምፒዮናነት ከኢያን ኔፖምኒያሺ ጋር ተጫወተ። በስድስተኛው ጨዋታ ካርልሰን ወታደሩን ወደ ዲ4 ገፍቶ፣ ፈረሱንና ቢሾፑን አውጥቶ፣ በ5ኛው እርምጃ ንጉሡን በካስሊንግ አስጠለለ። ጨዋታው 136 እርምጃ ሄደ፤ ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ፤ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ሆነ፤ ያሸነፈውም ካርልሰን ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች ከልጅዎ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና፣ ዋንጫው ሲያጓጓው ንጉሡን ወዴት እንደወሰደው ራሱ ይንገርዎት። መከልከል አያስፈልግም፤ እንዲያውም አንድ ቀን በዚያ አጀማመር እርስዎ ላይ ይጫወትና ንጉሡ መሀል ቀርቶ ቢሾፑና ንግሥቲቱ መውጫ ሲያጡ በዐይኑ ይይ።

ከዚህ ተነሥቶ ለሁሉም አንባቢ የሚሆን ምክር አለኝ፤ ኦፕኒንግ (የጨዋታ አጀማመር) ለመማር የምንመለከተው ጠንካራው ተጫዋች በረጅም ሰዓት የተጫወታቸውን ጨዋታዎች መሆን አለበት። በኢንተርኔት ብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ በሚያልቅ ጨዋታ) ታላላቆቹ አዲስ ነገር ይሞክራሉ፣ ዝግጅታቸውን ይደብቃሉ፣ ተቃዋሚን ከለመደው መንገድ ለማስወጣት ሲሉ ደካማ መሆኑን የሚያውቁትን እርምጃ ይጫወታሉ። የሚያጡትን ጥቂት ነገር ኋላ በብቃታቸው ይመልሱታል፤ እኛ ግን አንመልሰውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከከተማ ራቅ ብዬ ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅል ይወደድብኛል፤ ቪዲዮ ማየት አልችልም። የኮምፒውተሩን ትንታኔ ብቻ ባነብ ይበቃኛል?

መልስ፦ ቪዲዮው ባይኖርዎት ብዙ አልቀረብዎትም። ሊቼስ እ.ኤ.አ. በ2010 ቲቦ ዱፕሌሲ በተባለ ፈረንሳዊ የሶፍትዌር ባለሙያ የተጀመረ፣ ክፍያም ማስታወቂያም የሌለው ድረ ገጽ ነው፤ የአንድን ተጫዋች ጨዋታዎች በጽሑፍ መልክ ማውረድ ይቻላል። አንድ ጨዋታ የሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ የአንድ ቪዲዮ ዋጋ ለዓመት የሚበቃ ጨዋታ ያወርድልዎታል። ከተማ ሲወጡ አሥር ጨዋታ በወረቀት አሳትመው ይመለሱ፤ ከላይ የገለጽኩት የደብተር አሠራር ከዚያ በኋላ መብራትም ኔትወርክም አይፈልግም።

ኮምፒውተሩን ግን መጨረሻ ላይ ይጠቀሙበት። ስቶክፊሽ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከማንኛውም ሰው እጅግ የጠነከረ ነው፤ የትኛው እርምጃ እንደሚሻል ይነግርዎታል፤ ለምን እንደሚሻል ግን አይናገርም። ብልጫን በወታደር ዋጋ ስለሚለካ፣ ከግማሽ ወታደር ያነሰ ልዩነት ሲያሳይዎት አይጨነቁበት፤ በእኛ ደረጃ ጨዋታ የሚወሰነው በዚያ አይደለም። የሚሻለው አጠቃቀም እንዲህ ነው፤ ደብተርዎ ላይ ጽፈውት ከጠንካራው ተጫዋች የተለየውን የራስዎን እርምጃ ያስገቡና ከዚያ ቦታ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጫወቱ። አምስት ስድስት እርምጃ ሳይሄዱ እርምጃዎ የት ላይ እንደሚሰበር ያያሉ፤ ካልተሰበረም የእርስዎም ምርጫ ደኅና ነበር ማለት ነውና ደብተሩ ላይ ምልክት አድርገውበት ወደሚቀጥለው ይለፉ።